ሥጋ የማይቆርጠው ሰንጢ

የጭሮ ሰው ከቤቱ ሲወጣ ኪሱን ይዳብሳል። ክብሪቱ አለ፤ እሾህ የሚያወጣበት ወረንጦ አለ፤ ሰንጢውም አለ። ሦስቱ ካሉ መንገዱ ቀና ነው። ሰንጢው የጫት እስር ይፈታል፣ ሸንኮራ ይልጣል፣ የአህያ ጭነት ገመድ ይበጥሳል፣ የተማሪ እርሳስ ይቀርጻል። ከመቻራ ቡና ጭኖ የሚመጣው ሾፌርም፣ ከገለምሶ ጫት ይዞ የሚከንፈው ነጋዴም፣ ቦርደዴ ላይ ጎማ የሚለጥፈው ሰውዬም ሰንጢያቸውን ዘርግተው ብታዩት፣ ከስለቱ ሥር ሦስት ነጥብ ተወግቶበታል። ሦስቱ ነጥብ የአያና ነው።

አያና ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚያወርደው መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ነበር። የተቃጠለ የኤንትሬ መኪና ባሌስትራ ገዝቶ ያመጣል፤ ያንን አገር የተሸከመ ብረት በከሰል እሳት አግሎ፣ በመስፉ ላይ አጋድሞ፣ እንደ ቅጠል እስኪሳሳ ይቀጠቅጠዋል። ወናፉን የምትነፋለት ሚስቱ የሺሐረግ ናት። የሺ እጇ ከሠራ አፏ ዝም አይልም፤

ብረቱ ሲቀላ ይመስላል ፀሐይ፣
ያያና መዶሻ ይሰማል ከላይ።

እያለች ታንጎራጉራለች። መንገደኛው ይቆማል። ቆሞ ሰምቶ፣ ሳያስበው ሰንጢ ገዝቶ ይሄዳል።

አያና በሥራው አያፍርም፤ በእጁም አይጠራጠርም። አባቱ ግን በዚሁ መስፍ ላይ አንገቱን ደፍቶ ነበር የኖረው። በዚያን ዘመን ቀጥቃጭ ደጅ ቆሞ ይሸጣል እንጂ ቤት ግባ አይባልም። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ መጥረቢያውን እስላሙም ክርስቲያኑም ይወስድለታል። የእርድ ቢላዋ ግን እስላም አዞት አያውቅም። የዓረፋ በሬ የሚታረድበት ቢላዋ ሁልጊዜ ከሐረር ነው የሚመጣው። አባቱ ሊሞት ሲል፣ «ሁሉንም ሠርቻለሁ፤ አንድ ቀረኝ» ብሎት ነበር። የቀረው ምን እንደሆነ አያና አልጠየቀም። ያውቀዋል።

እንግዲህ በሰባ ስምንት ዓ.ም. ክረምት፣ ነሐሴ ሲገባ፣ ሐጂ አብዱላሂ ከዝናቡ ሸሽተው ከአያና ቆርቆሮ ሥር ገቡ። ሐጂ ለሠፈሩ እስላም የሚያርዱት እሳቸው ናቸው። ከወገባቸው ያወጡት የሐረር ቢላዋ በመሳል ብዛት አልቆ የመርፌ ዘመድ ሆኗል።

«ይቺ አረጀች፣ እንደኔው» አሉ። «ዓረፋ ሳምንት ነው። ትሠራልኛለህ?»

ወናፉ ቆመ። አያና መዶሻውን አስቀምጦ እጁን በሽርጡ ጠረገ። «እሠራለሁ፣ ሐጂ» አለ።

ያን ሳምንት የሠራውን ሥራ የሺሐረግ እስካሁን ታወራዋለች። ለመቶ ሰንጢ የሚበቃ ከሰል ለአንድ ቢላዋ ነደደ። ብረቱን ሦስት ጊዜ አግሎ ሦስት ጊዜ አሳረፈው። ውሃ ውስጥ ሲነክረው ጆሮውን አዘንብሎ ድምፁን ያዳምጣል፤ ጩኸቱ ካልጣመው እንደገና እሳት። ስለቱን በሞረድ፣ ከዚያ በድንጋይ፣ ከዚያ በቆዳ አወጣው። እጀታው ቀረ። ያኔ ከጣሪያው ሥር ከሰቀላቸው ቀንዶች አንዱን አወረደ፤ ጥቁር ሆኖ መሀሉ ላይ የማር ቀለም የፈሰሰበት፣ ለትልቅ ነገር ብሎ ያስቀመጠው ቀንድ። በፈላ ውሃ አለስልሶ፣ በሁለት ጠፍጣፋ ብረት መሀል ጨምቆ ዘረጋው። ሁለት ቁራጭ አወጣለት፣ አንዱ ለቀኝ አንዱ ለግራ፤ በሦስት ችንካር አሰራቸው።

የዓረፋ ዋዜማ ጠዋት ሐጂ መጡ። ጫት ነጋዴው መስዑድም አብሮ ነበር፤ ሰውን ካልነካካ ቀኑ የማይመሽለት ሰው ነው።

ሐጂ ቢላዋውን ተቀብለው የአውራ ጣታቸውን ጥፍር ከስለቱ ሥር እስከ ጫፉ ቀስ አድርገው አስኬዱት። የእርድ ቢላዋ እንዲህ ነው የሚፈተሽ፤ ስለቱ ላይ የሰናፍጭ ታህል ጉድፍ ካለች ጥፍር ይያዛል፤ ጥፍር ከያዘ ከብት ያሠቃያል። የሐጂ ጥፍር የትም አልተያዘም። ደግመው አስኬዱት።

«ማሻአላህ» አሉ።

«ሐረር ይሄን ቢሰማ ሱቁን ይዘጋል» አለ መስዑድ። «አያና፣ አሁንማ ሰላምታም አትሰጠን።»

«ላንተ ድሮስ መቼ ሰጥቼህ አውቃለሁ?» አለ አያና፤ ሳቁ።

ሐጂ እጀታውን ወደ ብርሃኑ አዙረው የማሩን ቀለም አዩና፣ «ይሄ ደግሞ እንዴት ያምራል» አሉ። ቢላዋውን ከአፎቱ ከትተው፣ አፎቱን ከወገባቸው ሻጥ አድርገው ሄዱ። አሮጌዋን የሐረር ቢላዋ ከመስፉ ላይ ትተውለት ነበር የሄዱት።

አያና በዓይኑ ሸኛቸው። ሐጂ ከመታጠፊያው ሳይደርሱ፣ ያቺ «እንዴት ያምራል» የምትለው ቃል ጆሮው ውስጥ ተመልሳ መጣች። ቀንዱ። ቀንዱን ያገኘው ከሥጋ ሻጩ ከብሩ ነው። የፋሲካ በሬ ቀንድ ነው፤ ክርስቲያን ያረደው።

በዚህ አገር እስላምና ክርስቲያን በአንድ ግቢ ያድራል፣ በአንድ ገበያ ይነግዳል፣ አንዱ ያንዱን ሬሳ ይሸኛል። ሥጋ ላይ ግን ይለያያል። አንዱ ያረደውን ሌላው አይቀምስም፤ ቢላዋውን እንኳ አያዋስም። እና ነገ ሐጂ በቢስሚላህ የሚያነሡት ቢላዋ፣ እጀታው የብሩ በሬ ነው።

«የሺ» አለ።

«ሰምቻለሁ» አለች፤ ገና ምንም ሳይነግራት። ዓይኑ ቀንዶቹ ላይ ተተክሎ ስታየው ገብቷታል። «ብሩ ነው የሰጠህ?»

«ብሩ ነው። ውበቱን አየሁ እንጂ የማን እንደሆነ አላሰብኩም።»

«ማን ያውቃል?»

«እኔና አንቺ። ብሩ ረስቶታል።»

የሺሐረግ ወናፏን አነሣችና ዝቅ ባለ ድምፅ፣

ዝም ያልኩት ነገር ከሆዴ ተኝቶ፣
ሲነጋ አስነሣኝ በሬን አንኳኩቶ

አለች። አያና ገባው። ዝም ካለ ቢላዋው የሐጂ ነው፤ የአባቱ ሥራ ሞልቷል፤ ከእንግዲህ ሐረር የሚሄድ የለም። ከተናገረ ደግሞ ያ ሁሉ ባንድ ቃል ይመለሳል፤ ቢላዋውም ስሙም። ቆሞ አሰበ። ያልተመዘነ ቢላዋ ከእጁ ወጥቶ አያውቅም፤ ይሄኛው ግን አንድ ነገር ሳይመዘን ወጥቷል። መሰርሰሪያውን፣ ሞረዱን፣ ጉጠቱንና ትንሿን መዶሻ ከጆንያ ከቶ በዝናቡ ወጣ።

ሐጂ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ መስዑድም አለ። በሬው ግቢው ውስጥ ታስሮ ሣር ይበላል። የሐጂ ሚስት፣ ሠፈሩ ሁሉ አዴ ኩብራ የሚላቸው፣ ከጓዳ ብቅ ብለው «አያና ነው እንዴ? ግባ፣ ዝናብ መታህ» አሉ። አያና ገባ። ሌላው ቀጥቃጭን ደጅ ሲያቆም እንኳ ይሄ ቤት ለአባቱ ያልተዘጋ ቤት ነው፤ ያ ነገሩን ይበልጥ አከበደበት።

«ሐጂ፣ ቢላዋው ደህና ነው» አለ ሳይቀመጥ። «እጀታው ግን የክርስቲያን በሬ ቀንድ ነው። የፋሲካ። ሳላስብ ነው የሠራሁት። አውቄ ዝም ማለት አልቻልኩም።»

መስዑድ የጎረሰውን ጫት ማኘክ አቆመ። ሐጂ ቢላዋውን ከወገባቸው አወጡና በአፎቱ እንዳለ ጭናቸው ላይ አኖሩት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«ሌላ የሚያውቅ አለ?»

«የሺሐረግ።»

«አንተ ባትነግረኝ አላውቅም ነበር።»

«አያውቁም ነበር።»

«ብረቱስ?» አሉ ሐጂ። «ብረቱ የማን ነው?»

«የመኪና ነው።»

«መኪናውስ? እስላም ነው ክርስቲያን?»

አያና ቀና ብሎ አያቸው። ፂማቸው ውስጥ ሳቅ ተደብቋል።

«ኤንትሬ ነው፣ ሐጂ። ጣልያን ነው።»

መስዑድ ጫቱ ትን እስኪለው ሳቀ። አዴ ኩብራም ከጓዳ ሆነው ሳቁ።

«ከቤትህ ወስደህ ቀይርልኝ ብልህ» አሉ ሐጂ፣ «ሰው ‹ሐጂ የአያናን ቢላዋ መለሱት› ይላል። የተመለሰ ዕቃ ደግሞ ስሙ አይመለስም። እዚሁ ሥራው፣ ሰው እያየህ። ኩብራ፣ ያን የአምናውን ቀንድ አምጪ።»

አዴ ኩብራ የበርበሬ ዘር የሚያኖሩበትን ትልቅ ቀንድ ዘሩን ገልብጠው አመጡ። የአምና ዓረፋ ነው፤ ሐጂ ራሳቸው ያረዱት። ግራጫ ነው፤ የማር ቀለም የለበትም።

አያና ጆንያውን ሊፈታ ሲል ሐጂ እጃቸውን አነሡ። «ቆይ፣ ቆይ። በሬው።» የሚታረድ ከብት ቢላዋ ማየት የለበትም። መስዑድ ተነሥቶ የሐጂን ጋቢ እንደ መጋረጃ ዘርግቶ በበሬውና በቢላዋው መሀል ቆመ። በሬውም ሣሩን ትቶ መስዑድን አየው። እንዲህ ተጋርደው ወደ ጓሮ ዞሩ።

«በሬ ስጋርድ የምውል ነጋዴ አድርገኸኝ ቀረህ» አለ መስዑድ።

«ዘንድሮ የሠራኸው ሥራ ይሄ ብቻ ነው» አለው አያና። በእጁ መተማመኑ ተመልሶለታል።

ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ችንካሮቹን በመሰርሰሪያ አወጣ። የማሩ ቀለም ያለባቸው ሁለት ቁራጮች ሳይሰነጠቁ ወጡ። በአዴ ኩብራ ምድጃ ውሃ ፈላ፤ ግራጫው ቀንድ ለሰለሰ፣ ተጨመቀ፣ ተዘረጋ። ለበዓሉ የመጣ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ ልጅ አዋቂው ከቦት ያያል። የሚጠይቅ ሲመጣ ሐጂ አፍ አፉን ቀድመው፣ «ሲሳሳት ራሱ የሚነግር ቱምቱ አይታችኋል? እኔ አየሁ» ይላሉ። ቱምቱ ማለት ቀጥቃጭ ነው፤ ስድብ ሆኖ ያደገበት ቃል በዚያ ጓሮ እንደ ማዕረግ ተጠራ።

አዴ ኩብራ ከቡና ገለባ የሚፈላውን ሆጃ አፍልተው ወተቱን ሊጨምሩ እጃቸውን ዘረጉና መለሱት። «ፍልሰታ ነው አይደል? ወተት አትጠጣም። ዘጠኝ ሰዓት ይሁን?» አሉት። እስከ ዘጠኝ ከእሳቱ ዳር አቆዩለት፤ ቢላዋው ሲያልቅ ባዶውን ሆጃ ጠጣ።

ሐጂ ጥፍራቸውን እንደገና አስኬዱ። አልተያዘም። አዲሱን እጀታ ጨበጡት፤ ጭብጡ ልክ ነው። «ጋሪዳ» አሉ፤ ጥሩ ነው። በማግስቱ በሬው በአያና ቢላዋ ታረደ። ከዚያ ዓመት ወዲያ ከጭሮ እስከ ገለምሶ የዓረፋ ቢላዋ ሦስት ነጥብ ነበረው።

አያናም ከዚያ ወዲህ ሁለት ቅርጫት አንጠለጠለ፤ በቀኝ በኩል የእስላም ቀንድ፣ በግራ የክርስቲያን። የሚያዝ ሰው በጣቱ ያሳያል እንጂ አይናገርም።

አንድ ነገር ግን ቀርቶት ነበር። ለሰው ሁሉ ሰንጢ የሚሠራው አያና የራሱ ሰንጢ አልነበረውም። ኪሱ ከገባ ያየው ሁሉ «ይቺን ሽጥልኝ» ይለዋል፤ እሱም እምቢ አያውቅም። የሺሐረግ፣

ላገሩ ሰው ሁሉ ስለት የሚያድለው፣
የራሱ ኪስ ባዶ አንድ ሰንጢ የለው

እያለች ታሾፍበት ነበር። የዚያን ዓመት መስቀል ሰሞን የሐጂን አሮጌ የሐረር ቢላዋ አጥፎ፣ ቀጥቅጦ፣ ትንሽ ሰንጢ አወጣ። እጀታውን በቀኝ ከአዴ ኩብራ ግራጫ ቀንድ ትራፊ፣ በግራ ከብሩ የማር ቀለም ቀንድ አደረገ። ነጥብ አልወጋበትም።

ያቺን ሰንጢ መንግሥት ሲለወጥም ይዟት ነበር፤ ሽጥልኝ ያለው ሁሉ እምቢታ የሰማባት እሷ ብቻ ናት። ሸንኮራ ይልጥባታል፣ ገመድ ይቆርጥባታል፣ መስዑድ ሲመጣ የጫቱን እስር ይፈታበታል። ፋሲካ ሲደርስ ግን ከምሰሶው ሚስማር ላይ ይሰቅላትና በሌላ ቢላዋ ይቆርጣል።

«ምነው፣ ደነዘች እንዴ?» ይለዋል ብሩ፣ እያወቀ።

«አልደነዘችም» ይላል አያና፣ ሥጋውን እየከተፈ። «የሁለት ቤት ናት፤ ሥጋ አትነካም።»