አሥራ አራት ሴቶች ያልተካፈሉት ኪኒን

ፖሊሶች ልጄን ፈልገው ሲያጡት እኔን ወሰዱኝ። ቅዳሜ ነበር፣ ከገበያ ገብቼ ሽንኩርቱን ገና ከፌስታሉ አላወጣሁም። «ለትንሽ ጥያቄ ነው» አሉኝ። ነጠላዬን ደርቤ በሸበጥ ወጣሁ።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ሳይሆን አይቀርም፤ ግድግዳው ብናኝ ብናኝ ይላል። መስኮት የለውም፣ ከበሩ በላይ አንዲት ቀዳዳ ብቻ አለች። አሥራ ሦስት ሴቶች ተቀምጠው ነበር፣ ከእኔ ጋር አሥራ አራት ሆንን። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ከፖሊሶቹ ይልቅ ያን ወለል ፈራሁት። ባለፈው ዓመት መታጠቢያ ቤት አዳልጦኝ እጄ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ ብሎ ተሰብሮ ነበር። ሐኪሙ «አጥንትዎ ሳስቷል» አለኝና ሁለት መድኃኒት አዘዘልኝ፤ ካልሲየም የሚሉትን በየቀኑ፣ ቫይታሚን ዲ የሚሉትን በሳምንት አንዴ።

እኔ የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፣ ጽሑፍ ቶሎ አይገባኝም። የፋርማሲው ሰው ግን ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ፣ እኔም ቃል በቃል ያዝኩት። ነጩን ኪኒን ከምግብ ጋር ይዋጡ አለ። የሳምንቱን እሑድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ። ቢያመልጥዎት አይደራርቡ። ሲበዛም ይጎዳል፣ ያጥወለውላል፣ ኩላሊት ያውካል። ከዚያ «የኩላሊት ጠጠር አለብዎት?» ብሎ ጠየቀኝ። «ኧረ የለብኝም» አልኩት። «ጥሩ፣ ቢኖርብዎት መጀመሪያ ሐኪሙን ያማክሩ እል ነበር» አለኝ።

በዚያ ክፍል ሕግ ነበረ። ከውጭ የገባ ስንቅ ሁሉ መሐል ላይ ይቀመጣል፣ ካቦዋ እኩል ታካፍላለች። ካቦ የምንለው የክፍሉን ኃላፊ ነው፤ የእኛዋ የወለንጪቲ የቲማቲም ነጋዴ ናት፣ ድምፅዋ አውቶቡስ ያስቆማል። አንድ የተቀቀለ እንቁላል ቢገባ በክር ቆርጣ ለሁላችንም ታዳርሰው ነበር። እዚያ ቤት «የእኔ» ማለት ነውር ነው።

በአሥረኛው ቀን እህቴ ከእንጀራው ጋር መድኃኒቴን አስገባችልኝ። ካቦዋ ካርቶኑን ከፈተችና «ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

«የአጥንት ነው» አልኩ በቀስታ።

«እዚህ ሲሚንቶ ላይ የማን አጥንት ደህና አለ? ዘርጉ እጃችሁን።»

ሴቶቹ ሳቁ። ሁለት ሁለት ይደርሰናል ተባለ። የሳምንቱ ደግሞ ለትልልቆቹ። መጀመሪያ መዳፋቸውን የዘረጉት የደራዋ አሮጊት ናቸው፣ ሁላችንም በኦሮምኛ አዴ፣ እናቴ፣ የምንላቸው። ደስ ብሏቸው ፈገግ ብለዋል። እኚሁ ሴትዮ ከሦስት ቀን በፊት የኩላሊት ጠጠር ተነሥቶባቸው ሻሻቸውን ነክሰው ሲንከባለሉ አድረዋል።

አሥር ቀን ሙሉ እዚያ ክፍል ለታዘዝኩት ሁሉ መልሴ «እሺ» ብቻ ነበር። አሁን ብናገር ስስታም እባላለሁ፣ አሥራ ሦስት ሴት ትጠላኛለች። ዝም ብል ደግሞ አዴ ይውጡታል። እጄን ሰድጄ ከአዴ መዳፍ ላይ ኪኒኑን አነሣሁት።

«አንቺ ሴትዮ» አለች ካቦዋ፣ «ሰሰትሽ?»

«እንጀራዬን በሙሉ ውሰጂው» አልኳት። «ይሄ ግን አይካፈልም። አዴ ጠጠር አለባቸው፣ ሐኪም ሳያያቸው እንዲህ ያለ ነገር መዋጥ የለባቸውም። ለእኔ የታዘዘው በእኔ ልክ ነው። እኔ ራሴ የቀረብኝን የአሥር ቀን አንድ ላይ ልጎርሰው አስቤ ነበር፣ እሱም ክልክል ነው።»

«ዶክተር አስገብተውልናል ለካ፣ እኛ አላወቅንም» አለች አንዷ ከጥግ።

አዴ ባዶ መዳፋቸውን አዩት። «ልጄ» አሉኝ፣ «ያ ሕመም የሚመለስ ከሆነ እንኳን ኪኒን ማርም አልልስ።» ይሄኔ ሳቁ ፈነዳ። ከመሐላችን ነፍሰ ጡር የሆነችው ደግሞ «እኔ የደም ማነስ ኪኒን እወስዳለሁ፣ ከዚህ ጋር ይሆናል?» አለች። «አንድ ላይ አይዋጥም ሲሉ ሰምቻለሁ፣ የራስሽን ሐኪም ጠይቂ» አልኳት። ካቦዋ ካርቶኑን ዘጋችና ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

«ታዲያ ምን እንካፈል?» አለች እየሳቀች። «ሕጉ ሊፈርስ ነው?»

«ፀሐይ» አልኩ። ሐኪሙ ፀሐይም ለአጥንት ደግ ነው ብሎኝ ነበር።

ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ለአጭር ጊዜ ወደ ግቢ ያወጡናል። የሚሞቀው ከአጥሩ ሥር ያለው ቀጭን ቦታ ብቻ ነው፣ እሱንም ወጣቶቹ ቀድመው ይይዙታል። በማግስቱ ካቦዋ መሬቱን በነጠላዋ ጠርዝ ለካችና ልክ እንደ እንቁላሉ አካፈለችው። «ኮቱ አዴ፣ ይምጡ» ብላ አሮጊቷን ፊት አስቀመጠች። እጅጌያችንን ሰብስበን፣ ቀሚሳችንን እስከ ጉልበት ገልጠን በሰልፍ ተቀመጥን። የአዳማ ፀሐይ መቼም አይሰስትም።

ጠባቂዋ ፖሊስ አይታን ደነገጠች። «ምን ሆናችሁ?»

«አጥንት እየቀለብን ነው» አለች ካቦዋ።

ፖሊሷ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች። እንድንገባም አላጣደፈችን። ትንሽ ቆይታ አጠገቤ መጥታ ጎንበስ አለች። «እናቴን ጉልበቷን ያማታል፣ ከአጥንቱ ኪኒን ሁለት ፍሬ ትሰጪኛለሽ?»

ጠባቂዬ ናት፣ እኔ በእሷ እጅ ነኝ። ብሰጣት ይጠቅመኝ ነበር። «አልሰጥሽም» አልኳት። «ሕመሟን አላውቀውም፣ ልጎዳት እችላለሁ። ሐኪም ጋ ውሰጃት።» ስለ ልጄ ለሚጠይቀኝ መርማሪ «አላውቅም» ስል መሬት መሬቱን እያየሁ ነበር፤ ለእሷ «አልሰጥሽም» ስል ግን ቀና ብዬ ነው። «እሺ እናቴ» ብላ ሄደች።

ከሳምንታት በኋላ አንድ ጠዋት ስሜን ጠርተው «ሂጂ» አሉኝ። ለምን እንደገባሁ አልነገሩኝም፣ ለምን እንደወጣሁም እንዲሁ። ልጄ ደህና ነው፤ ከዚህ በላይ አልልም።

አሁንም በር ሲንኳኳ ልቤ ይመታል፣ አልዋሽም። ባለፈው ወር ግን ሐኪሙ ደሜን አስመርምሮ «ነጩን ኪኒን እንቀንሰው» አለኝ። ድሮ ቢሆን «እሺ» ብዬ እወጣ ነበር። ወንበሩ ላይ ተደላድዬ ተቀመጥኩና «ለምን?» አልኩት። ብዕሩን አስቀምጦ እስኪገባኝ ድረስ አስረዳኝ።