ሬሳ የሌለበት ለቅሶ

የያዙኝ ትክል ድንጋይ ገበያ ላይ ነው። ቅቤ ልሸጥ ወጥቼ። አንዱ የጣልያን ባንዳ መጣና ክንዴን ያዘኝ።

«ባለሙሾዋ አንቺ ነሽ?»

«ባለቅቤዋ ነኝ» አልኩት።

ሰው ሳቀ። እሱ አልሳቀም። ቅቤዬን ለጎረቤቴ ሰጥቼ ተከተልኩት። ማኪና ላይ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ጎንደር እስክንገባ ሲያስታውከኝ ዋለ።

ያስገቡኝ ቤት ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ነው። ድንጋይ ነው፣ ኖራ ተቀብቷል። መስኮት የለውም፤ ተጣራው ሥር አንዲት ቀዳዳ ብቻ አለች። ነቀዝ ይሸታል፣ ሽንትም ይሸታል። ተድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ የገብስ ፍሬ ይገኝ ነበር፤ እየፈለፈልን እንቆረጥመዋለን። ሁላችንም ሴቶች ነን። የቀረብኳት አንዲት የጎንደር፣ የቀሐ ሰፈር ጠላ ሻጭ ናት። ልጅሽ ጫካ ገባ ብለው ነው ያሰሯት። በዕድሜ ትበልጠኛለችና እትዬ እላታለሁ። የገባሁ ዕለት በር ላይ ተገትሬ ብቀር፣ «ምነው ቆምሽ? ወንበር እስኪመጣልሽ ነው?» አለችኝ። ጉልበቷን ሰበሰበችና ቦታ ሰጠችኝ።

አባትሽ ያኔ ጡት አልጣለም። ተባለቤቴ እህት ጋር ቤት ትቼው ነው ገበያ የወጣሁት። ጡቴ ወተት ሲያግት እንደ ድንጋይ ይሆንና ያንቀጠቅጠኛል። «ግድግዳው ላይ እለቢው፣ ሌላ ምን ታደርጊዋለሽ» አለችኝ እትዬ። ግድግዳው ላይ አለብኩት። ኖራው ይጠጣዋል።

ለምን አሰሩሽ ብለሻል፤ ልንገርሽ። የእናቴ ወንድም ጫካ ሆኖ ጣልያንን ሲወጋ ሞተ። ጓደኞቹ ተሸክመው አምጥተውልን ቀበርነው። እኔ አስለቃሽ ነኝ፤ ተእናቴ ነው የወረስኩት። እኔው ሙሾ አወረድኩለት።

ሙሾ ደግሞ ሟቹን ማወደስ ብቻ አይደለም። ጻፊው ይኼን። የተዋጋ ሰው ሲሞት አስለቃሿ ጓደኞቹን በስማቸው ትጠራለች። አንተ እገሌ፣ እንትን ገደል ውስጥ ያለኸው፣ ወንድምህ ወድቆ ዝም ልትል ነው? ትላለች። ወንድ የሚነሣው በዚያ ነው። እኔም ሦስቱን ጓደኞቹን ተነስማቸው፣ ተነአባታቸው፣ ተነተጠለሉበት ገደል ጠራኋቸው። አንደኛው ወንድሜ ነው። ለቅሶው ላይ ወሬ ለቃሚ ነበረ። ግን ዳር ነው የቆመው፤ ሴቱ ደረቱን ሲደቃ ስሞቹን ለይቶ ሳይሰማ ቀረ። ጣልያን የጎደሉት እነዚያ ስሞች ናቸው።

አንድ ጧት ጠሩኝ። ጣራው ከፍ ያለ ክፍል ነው። ሁለት ጣልያኖች ነበሩ። አንደኛው ሹም ነው፣ ጥግ ላይ ተቀምጧል። አንደኛው ወታደር አይደለም፤ መነጽር አድርጎ፣ አፉ እንደ መለከት የተከፈተ ሣጥን ፊቱ አስቀምጧል። አስተርጓሚው ተመረብ ማዶ የመጣ ሰው ነው፣ ሽበት ጀምሮታል።

«አትፍሪ» አለኝ አስተርጓሚው። «ይኼ ባለመነጽሩ የመጽሐፍ ሰው ነው። የየአገሩን ዘፈንና ለቅሶ እየሰበሰበ በአገሩ ትልቅ ትምህርት ቤት ያስቀምጣል። ሣጥኑ ድምፅሽን ይይዛል። ያን የአጎትሽን ሙሾ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በይለት፤ ነገ ቤትሽ ነሽ።»

ባለመነጽሩ እውነቱን ሳይሆን አይቀርም። ሹሙ ግን እርሳስ ይዟል። ዘፈን የሚወድ ሰው እርሳሱን እንደዚያ አይጨብጥም።

ቤቴን አሰብኩ። ጡቴ ቀሚሴን አርሶታል፣ አስተርጓሚው አይቶ ዓይኑን መለሰ። ስሞቹን ብዘላቸውስ አልኩ በልቤ። ሙሾ ግን ስንኙ እርስ በርሱ የተያዘ ነው፤ አንዱን ሲጀምሩት ሌላው ራሱ ይመጣል። አፌን አላመንኩትም።

«ሬሳው የት አለ?» አልኩ።

«የምን ሬሳ?»

«ሬሳ በሌለበት ሙሾ ይወረዳል እንዴ አያ? ሟርት ነው። ያንተ እናትስ እንዲህ ታደርጋለች?»

አስተርጓሚው ግንባሩን አሻሸ። ነገራቸው። ባለመነጽሩ እየሳቀ አንድ ነገር አለ።

«አስመስላ ትበለው ይላል።»

«ለቅሶ ይመሰላል? አጎቴን አንዴ አልቅሼ ቀብሬዋለሁ። ሁለተኛ አልገድለውም።»

«ምነው ታስቸግሪኛለሽ አንቺ ልጅ? እኔም እኮ ልጆች አሉኝ።»

ሹሙ ጠረጴዛውን መታ። ባለመነጽሩ እጁን አነሣበት፣ ቆይ እንደማለት። ሁለቱ ተነጋገሩ፤ የተዋደዱ አይመስሉም። ሣጥኑ ላይ ያለው ሸክላ መዞር ጀምሯል። ባለመነጽሩ የገዛ ደረቱን ጠቆመ።

አስተርጓሚው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንግዲያው ለኔ ታልቅስልኝ ይላል።»

«ይቅርበት በለው።»

«እሱ ነው ያለው።»

እንዳልኩሽ ሟርት ነው። ሰውየው ግን በገዛ አፉ ጠየቀ። «እናት አለው?» አልኩ። አለችው፣ ተሱ ሌላ ልጅ የላትም። «ሚስትስ?» የለውም። ለቅሶ ደርሼ እንደምጠይቀው ነው የጠየቅኩት። ተዚያ ነጠላዬን አዘቀዘቅኩ፣ ጫማም የለኝ፣ ቆምኩ።

እናትህ ባገሯ ደጅ ደጁን ታያለች፣
ልጄ መጣ ብላ እራት ታኖራለች።
ወንድም የለህ እህት በዚህ በሰው አገር፣
እኔ ላልቅስልህ ሲጭኑብህ አፈር።

ሌላም አልኩ፣ ረስቼዋለሁ። አልቀለድኩበትም። ሙሾ ላይ አይቀለድም። ደረቴን ደቃሁ፣ ወተቱም እንባውም ወረደ። ለማን እንዳለቀስኩ እኔም አላውቀው። አስተርጓሚው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ስጨርስ ባለመነጽሩ ምን አለች ብሎ ጠየቀ። አስተርጓሚው አጭር ነገር መለሰለት። ሰውየው ሣጥኑን ዘጋ፣ መነጽሩን ጠርጎ ጠርጎ መልሶ አደረገው። እኔን አላየኝም።

«ምን አልከው አያ?» አልኩት ስንወጣ።

«እናትህን አነሣች አልኩት። ሌላ ምን ልበለው።»

ሹሙ ግን ቤትሽ አላለኝም። ወደዚያው መለሱኝ።

እትዬ ጠበቀችኝ። «መቱሽ?»

«አልመቱኝም። ለጣልያኑ አልቅሼለት መጣሁ።»

«ውይ! ሞተ?»

«ኧረ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል!»

በሣቅ ወደቀች። ለሌሎቹ ነገረቻቸው፣ ቤቱ ሁሉ ሣቀ። ዘበኛው በሩን በእርግጫ ሲመታ ባሰብን። «እስቲ ለዘበኛውም አንድ ስንኝ» አለች እትዬ።

ሁለተኛ አልጠሩኝም። የተፈታሁት ጣልያን ሲሸነፍ፣ ዘበኛው በሩን ሳይቆልፍ የሸሸ ዕለት ነው። አገሬ ስገባ አባትሽ ሮጦ አክስቱ ቀሚስ ውስጥ ገባ። እሷን ነበር እማ የሚላት። እስኪለምደኝ በጋው አለፈ። ወንድሜ ግን በሕይወት መጣ፤ ሁለቱም ጓደኞቹ መጡ።

አሁን አንቺ ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ የመመረቂያ ጽሑፌ ነው አልሽኝ። ያገሩን አሮጌ ነገርና የተማሪውን ጥናት የሚያስቀምጡበት ቤት አለ፣ የፈለገ ሁሉ ገብቶ ያነባል አልሽኝ። ሸጋ ነው። የጣልያኑን ሙሾ እንዳለ ጻፊ፤ እሱ ራሱ አልቅሽልኝ ብሏል። ያጎቴን ግን ስትጠይቂኝ ዝም ያልኩሽ ረስቼው አይደለም። ተሦስቱ ወንድሜና አንደኛው አርፈዋል። ሦስተኛው ሳንጃ ከተማ ልጁ ቤት አለ። ዓይኑ ደክሟል፣ ጆሮው ግን ይሰማል።

አሁን እኮ ጣልያን የለም አልሽኝ። እሱስ የለም። በሕይወት ያለ ሰው ስም ግን የባለቤቱ ነው። መንግሥት ይለዋወጣል፣ ማን መጥቶ እንደሚያነበው አንቺም አታውቂ። ሳንጃ ሂጂና ጠይቂው። የማን ልጅ ልጅ እንደሆንሽ ንገሪው፤ ይስምሻል። እሺ ታለሽ ስሞቹን ሳላዜም እነግርሻለሁ። እምቢ ታለ አትለማመጪው። የስሞቹን ቦታ ባዶ ተይውና ጽሑፍሽን እንደዚያው ስጪያቸው።