ኩሽኔታውን ማን በላው?

ዛሬ ሞላሌ ከተማ ወፍጮ ቤት ውስጥ ጋሽ ሽፈራውን በሰው ፊት ንስሐ አስገባኋቸው!

ጋሽ ሽፈራው የወፍጮው ባለቤት ናቸው። የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ለሦስተኛ ጊዜ ሲበላሽባቸው እንድጠግን ጠሩኝና፣ ገብስ ይዘው በተሰለፉት እናቶች ፊት "ወንድምህ የገጠመው ኢንቨርተር ነው የጨረሰው" አሉኝ።

ወንድሜ አለማየሁ ካረፈ አራተኛ ወሩ ነው። መልስ ሊሰጣቸው አይችልም።

ሞተሩን ዞሬ አየሁት። አለማየሁ ዘንጉ ጫፍ ላይ የገጠማት ትንሽ የካርቦን ብሩሽ የለችም። የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ኢንቨርተር ዘንጉ ላይ የሚፈጥረውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የምታወርደው እሷ ናት። እሷ ከሌለች ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታው በኩል እያለፈ ይቦረቡረዋል።

"ጋሼ፣ ብሩሿስ?"

"ዘንጉን ስትፍቀው አሳዘነኝና ነቀልኳት።"

(ለዘንግ አንጀቱ የሚባባ ሰው ዛሬ ገና አየሁ።)

አዲሱ ኩሽኔታ ከገባ በኋላ ብሩሿን ከመሳቢያ አውጥተው ሰጡኝ። እኔ ግን የብሩሿን ማሰሪያ ብሎን ይዤ ቆምኩ። "መጀመሪያ ጥፋቱ የአለማየሁ እንዳልሆነ ይናገሩ።"

"የእሱ አይደለም፣ የእኔ ነው" ብለው አጉረመረሙ።

ከሰልፉ አንዷ እናት "አልሰማንም፣ ይድገሙት!" አሉ።

ደገሙት። ብሎኑን ያጠበቅሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ቤት ገብቼ ስነግራት እናቴ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች። እናንተስ ሰፈር ለማሽን አዝኖ ማሽኑን የገደለ ሰው የለም? ጻፉልኝ፣ ማታ አነብላታለሁ።