ግማሹን በነጠላ ጋርጄ ያየሁት ፊልም

ነገሩ የሆነው ከሰባት ዓመት በፊት፣ ውጭ አገር የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ነው። የማልረሳውም፣ ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ እንድናገር ያደረገኝ እሱ ስለሆነ ነው።

ስለ ኮሪያ ሲኒማ አንድ ኮርስ ወስጄ ነበር። ዓይን አፋር ነኝና ሴሚስተሩን ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። አስተማሪው፣ "ሰኞ አሁን ሲኒማ ቤት ስለሚታየው የኮሪያ ፊልም ካልተናገርሽ ውጤትሽ ዝቅ ይላል" ሲለኝ፣ እሑድ ከሰዓት ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ አንድ ሲኒማ ቤት ሄድኩ። ፊልሙ ጀምሮ ነበር። በጨለማ እየዳበስኩ የተቀመጥኩት ካፖርት ከለበሱ አንዲት ሴት አጠገብ ነው።

ፊልሙ በአባታቸው ቀብር የሚጨቃጨቁ የሁለት ወንድማማቾች ታሪክ ነው። ከልቤ እየሳቅኩ ሳለ የሬሳ ሣጥኑ ከውስጥ ተንኳኳ።

"እማዬ!" ብዬ ጮኽኩ።

"አቤት ልጄ!" አሉ ሴትዮዋ።

ደንግጠን ተያየን፤ ከዚያ ሳቃችን መጣ። እትዬ አልማዝ ይባላሉ። እዚያው አቅራቢያ ዊተን በሚባል ሰፈር ላውንደሪ ቤት ይሠራሉ፤ ቲኬቱን የሰጠቻቸው ኮሪያዊቷ አሠሪያቸው ናት።

"እምቢ ብላት ይከፋታላ! ከቅዳሴ በቀጥታ መጣሁ። ግን ይኼ ከሥር የሚጻፈው እንግሊዝኛ ይሮጥብኛል።"

"እኔ ደግሞ ማየቱ አቃተኝ፤ ልወጣ ነው" አልኩ። "ነገ ስለሱ ካልተናገርኩ ግን ጉዴ ነው።"

"ቁጭ በይ!" ብለው ከቦርሳቸው ነጠላ አወጡና ግንባሬ ላይ ጣል አደረጉልኝ። ከጫፉ ሥር የሚታየኝ ጽሑፉ ብቻ ሆነ። "አንቺ አንብቢልኝ፣ እኔ አይልሻለሁ።"

እኔ በሹክሹክታ እየተረጎምኩ፣ እሳቸው እየነገሩኝ ቀጠልን።

"አሁንስ ምን ሆነ?"

"ክዳኑን ከፈቱት… በስመ አብ! እንዳታዪ! አይ፣ ድመት ናት… ኧረ አይደለችም!"

መጨረሻ ላይ ታናሽየው ሣጥኑን አቅፎ ሲያለቅስ ነጠላውን ራሴ አወረድኩት። እትዬ አልማዝ በጫፉ እንባቸውን ጠረጉ።

ስንወጣ፣ "ምን ዓይነት ፊልም ነው ብዬ እንደምናገር ጨነቀኝ" አልኳቸው።

"ምኑ ያስጨንቃል? የኛ ለቅሶ ቤት እንዲሁ አይደል? ጠዋት ደረት ይመታል፣ ማታ ካርታ ይጫወታሉ፣ የሟቹን ቀልድ እያነሡ ይስቃሉ። መሐል ላይ ዘመድ ይጣላል። ማን 'ለቅሶ ነው ወይስ ጨዋታ?' ብሎ ይጠይቃል?"

ሰኞ አስተማሪው፣ "ይህ ፊልም ኮሜዲ ነው፣ አስፈሪ ነው ወይስ የቤተሰብ ድራማ?" አለ። እጄን አወጣሁ። ሁሉንም ነው ብዬ ስለ ለቅሶ ቤታችን ተናገርኩ። ካርታው ጋ ስደርስ ክፍሉ ሳቀ፤ ስጨርስ ግን አስተማሪው እስክሪብቶውን አስቀምጦ፣ "እስከዛሬ የት ነበርሽ?" አለኝ።

በዚያው ሳምንት ዊተን ሄጄ ውጤቴን ነገርኳቸው። እልል አሉና፣ "ለነጠላዬስ ስንት ሰጡት?" አሉኝ።

ዛሬ ሰው ፊት መናገር ያን ያህል አያስፈራኝም። የኮሪያ ፊልም ስከፍት ግን፣ ኮሜዲ ነው ቢሉኝም፣ ነጠላዬን አጠገቤ አስቀምጣለሁ።