መቆንጠጫው መጋረጃው ላይ ካለ ሕፃኑ በልቷል

መጋቢት ዘጠኝ ቀን ነርሷ በሞት ስትለይ፣ ለሕፃናቱ ሚዛን የምትሰፋው ጨርቅ አንድ ጠርዙ ሳይዘመዘም ቀረ። ሰፈሩ «ሲስተር» ብቻ ነበር የሚላት። ዕድሜዋን በጤና ጣቢያው ሕፃናት ስትመዝን የኖረች፣ ቀልድ የማያልቅባት፣ ቁጣዋ ቶሎ የሚበርድ ሴት ነበረች።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የምትመዝንበት ክፍል ጭር ብሎ ነበር። የፋብሪካ ሠራተኞች በሚኖሩበት ሕንፃ ውስጥ ያሉ ሕፃናት ከልክ በላይ እየወፈሩ ስላስቸገሯት፣ ከጤና ጣቢያው ሐኪም ጋር የምክር ፕሮግራም አዘጋጀች። እናቶቹ ሁለት ጊዜ ሰምተው ቀሩ።

«ሲስተር፣ ሰው ካልመጣ ክፍሉን ለመድኃኒት ማከማቻ ልናደርገው ነው» አላት ሐኪሙ።

በማግስቱ ሚዛኗን ታቅፋ ሴቶቹ ልብስ ወደሚያሰጡበት የሕንፃው ጓሮ ሄደች።

«ዛሬ ምክር የለኝም። እናንተ ንገሩኝ።»

«ምን እንንገርሽ?» አሉ ጉንጫሙን የልጅ ልጃቸውን «ጄኔራሉ» እያሉ የሚጠሩት አያት። «ልጅ እያለቀሰ ጡጦ ካልሰጠሁ የምን አያት ነኝ?»

«ኧረ እማማ፣ እኔ እኮ አጥግቤው ነው ሥራ የምወጣው» አለች ምራታቸው።

«መች ነገርሽኝና?»

«እኔም ከሌሊት ፈረቃ ስገባ የራበው እየመሰለኝ እደግምለታለሁ» አለ አባትየው አንገቱን እያከከ።

«ታዲያ ጄኔራሉ ሦስቴ ቁርስ በልቶ ይክሳ?» አለች ጎረቤታቸው።

ጓሮው በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲበርድ ግን ሁሉም የየቤቱን አወጣ፤ በየቤቱ ያው ነው። ምራቲቱ በእጇ የያዘችውን የልብስ መቆንጠጫ አየት አድርጋ፣ «ያበላ ሰው መጋረጃው ላይ ይሰካው፤ ልጁ ተኝቶ ሲነሳ ይነቀል» አለች።

አያትየው አልተዋጠላቸውም። «በልቶ ሲያለቅስስ? መቆንጠጫ ያባብልልኛል?»

«እማማ እውነታቸውን ነው» አለች ሲስተር።

ተከራከሩ፣ ተኮራረፉ፣ ታረቁ። በልቶ የሚያለቅሰውን ጎረቤት ሁሉ እየተቀባበለ ፎቅ ለፎቅ ሊያዞረው ተስማሙ። ሲስተርም አንድ ነገር ጨመረች፦ «አፉን ከፍቶ ጡት ከፈለገ፣ እጁን ከጠባ፣ መቆንጠጫውን እርሱት። ርቦታል።»

ሐኪሙ ጓሮው ድረስ መጥቶ ሰማና «ይሞከር» አለ።

ወራት አለፉ። የሕፃናቱ ክብደት ልኩን ያዘ፤ መቀመጥ እንኳ ይከብደው የነበረው ጄኔራል ዳዴ እያለ ከሚዛኑ ሥር ማምለጥ ጀመረ። እናቶቹ ክፍሉን ሞልተው ኮሪደሩ ላይ ቆሙ። የመድኃኒት ማከማቻውን ነገር ዳግመኛ ያነሳ የለም። የሌላ ሕንፃ ሰዎች ዘዴውን ሊቀዱ ሲመጡ፣ ሲስተር «የእኛን አትውሰዱ። ከአያቶቻችሁ ጋር ተጨቃጭቃችሁ የራሳችሁን አውጡ» ብላ ሸኘቻቸው። አወጡም።

ከመሞቷ አንድ ቀን በፊት፣ መጋቢት ስምንት ከሰዓት በኋላ፣ ቆመው ለሚጠብቁት እናቶች ያሠራችውን አግዳሚ ወንበር ልትረከብ አናጢው ዘንድ ሄደች። ተቀምጣ ሞከረችው፤ አንድ እግሩ ተነቃነቀባትና አስጠበቀችው። ከዚያ በጋሪ አስጭና ወስዳ፣ ከክፍሏ በር አጠገብ ግድግዳውን አስደግፋ አስቀመጠችው።