አንበሳው የነበረበት ቢጫ

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። ለንደን፣ ብሪክስተን ገበያ ውስጥ ጨርቅ በያርድ እሸጥ ነበር፤ ከቁርጥራጭ የሚገላግሉኝ የሰፈሩ ስፌት ማኅበር ሴቶች ነበሩ። አንድ ማክሰኞ ሊቀመንበሯ፣ ስፒል በጥርሷ ይዛ የምታወራ እንግሊዛዊት፣ መጥታ ክዊልት ልንሠራ ነው አለችኝ። ከቁርጥራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ የሚሰፋ ድርብ ብርድ ልብስ ማለት ነው። በሰፈሩ ያለ ሕዝብ ሁሉ የአገሩን መንግሥት ታሪክና ምልክት የሚያሳይ አንድ ካሬ ያመጣል፤ ተጋጥሞ ቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል።

«ዘመናዊ እንዲሆን ቀጥ ያለ መስመር ብቻ» አለች። «የእናንተ የኢትዮጵያውያኑ እስከ ቅዳሜ ካልደረሰ ቦታውን በሰማያዊ ጨርቅ እንሞላዋለን።»

ሰማያዊውን የምትገዛው ከእኔው ነው፤ ዝም ብል ይሻለኝ ነበር። ግን ነገሩ ከነከነኝ። የመንግሥት ታሪክ በመቀስ እንዴት ይቆረጣል? ምሳዬን ትቼ ወረቀት ላይ ቀጥ ባለ መስመር አንበሳ ሞከርኩ። አህያ ወጣ። ጆሮውን ባሳጥረው ድመት ሆነ።

ከማኅበሩ አማርኛ የሚናገሩት አንዲት እናት ብቻ ነበሩ። ኬኒንግተን ልጃቸው ዘንድ የሚኖሩ፣ እንግሊዝኛ የማይችሉ፣ በሳምንት አንድ ቀን ለመርፌ ሲሉ በአውቶቡስ የሚመጡ። አዲስ አበባ፣ የመንግሥት ስፌት ክፍል ውስጥ ዕድሜያቸውን እንደፈጁ ሰምቼ ነበርና ወረቀቴን ይዤ ሄድኩ።

«እማማ፣ ይኼን አንበሳ ይዩልኝ እስቲ።»

«ምን በድሎህ ነው እንዲህ ያደረግኸው?»

«እርስዎ ያስተካክሉልኛ።»

«አልሰፋም» አሉ። «አርማ ሰፍቼ የተረፈልኝ የለም። ዕድሜዬን ሙሉ ሰፋሁ፤ የታለ ብትለኝ አንድ የማሳይህ የለኝም። ሌላ የሚፈርስ ልጨምር?»

አልገዛም የሚል ደንበኛ አይቼ አላልፍም፤ አልሰፋም የሚልም እንደዚያው ነው። ለምን አልተረፈም አልኳቸው።

የአዳራሽ መጋረጃ ነበር፣ ቢጫ። በንጉሡ ጊዜ አንበሳውን መሀሉ ላይ የሰፉት እሳቸው ናቸው። ደርግ ሲመጣ ተርትሪው ተባሉ፤ ተረተሩ። መጋረጃው ግን በፀሐይ ነጥቶ ኖሯል። አንበሳው ሲነሳ ከሥሩ ያለው ቢጫ እንደ አዲስ ቁጭ ብሏል፣ በአንበሳ ቅርጽ።

«ጅራቱ ሳይቀር!» አሉ። «አለቃዬ ላብ በላብ ሆነ። እጠቡት አለ፤ ታጠበ፣ ባሰበት። ኋላ አዲሱን አርማ ትልቅ አድርገን ቆረጥነው፣ አንበሳውን እንዲሸፍን።»

«ትልቅ የሆነው ለዚህ ነው?»

«ሰዉማ ለአብዮቱ ክብር መስሎት! አሁን ደግሞ እሱም ተነሳ አሉኝ። ከሥሩ ምን እንዳገኙ እንጃላቸው።»

ስቄ ሳልጨርስ በራልኝ። አንበሳ መሳል ለምን ያስፈልጋል? ካሬ ውስጥ ካሬ ይሁን፤ መሀሉ ደማቅ ቢጫ፣ ዙሪያው ፈዘዝ ያለ፣ የዳሩ ጭራሽ የነጣ። ወረቀቱን ገልብጬ ሣልኩላቸው። ጣታቸውን አስኬዱበት።

«መሀሉ ማን ነው?»

«አንበሳው።»

«ከአንበሳው በፊትስ ማን ነበረ?»

እኔ ምን አውቄ! ሌላ ትንሽ ካሬ ውስጡ ጨመርን። ከዚያስ በፊት? ሌላ። የመጨረሻዋ የአውራ ጣት ጥፍር ታህላለች።

«በቃ፣ ከዚህ በታች መቀስ አይገባም» አሉና መርፌያቸውን ፈለጉ።

ጨርቁን ሩቅ አልፈለግንም። ከሱቄ ፊት የኖረ አንድ ጥቅል ቢጫ ጥጥ ነበረኝ፤ የነጣውን እጥፉን ለደንበኛ ሳሳይ በመዳፌ የምሸፍነው። የለንደን ፀሐይ ለሰው አትበቃም እንጂ ጨርቅ ለማንጣት አታንስም። ከላይኛው እጥፍ ወደ ውስጥ በተገለጠ ቁጥር ይደምቃል፤ የሚያስፈልገን ቀለም ሁሉ ከአንዱ ጥቅል ወጣ።

ቅዳሜ ይዘን ሄድን። ሊቀመንበሯ ፊቱን ወደደችው። ጀርባውን ስትገለብጥ ግን ግንባሯ ተቋጠረ።

«ስፌቱ በጣም ደቃቅ ነው፤ ደግሞ ሁለት ጊዜ ተደርቧል። መስተካከል ያለበት ነገር ቢኖር እንዴት እንፈታዋለን? ጠይቃቸው።»

ነጋዴ ነኝ፤ ስተረጉም ትንሽ መቀነስ፣ ትንሽ መጨመር ልማዴ ነው። ይኼን ግን እንዳለ ነገርኳቸው።

«እንዳይፈታ ነው በላት» አሉኝ።

እሱንም እንዳለ ተረጎምኩ። ሊቀመንበሯ ስፒሎቿን ከጥርሷ አወጣችና ካሬውን ቦታው ላይ ሰካችው።