ጉርሻ የለመደው የአደን ውሻ

ኖርዌይ ውስጥ ግሮሩድ የሚባል ሰፈር ስኖር ከእኔ በታች ያለው ፎቅ ላይ አንድ ሽማግሌ ኖርዌያዊ አዳኝ ነበሩ። ዳሌያቸው ተሰብሮ ምርኩዝ ሲይዙ ውሻቸውን የሚያሠለጥንላቸው ሰው አጡ። የአደን ውሾች ፈተና ደግሞ ደርሷል። ልጃቸው «ውሻው ፈተናውን ከወደቀ ገጠር ላለው አጎቴ ይሰጣል። ሥራ የሌለው የአደን ውሻ አፓርታማ ውስጥ ምን ይሠራል?» ብላ ቆርጣለች። ሽማግሌው ከዚያ ውሻ ሌላ የሚያነጋግሩት አልነበራቸውም። ከእሱም ጋር ቢሆን ብዙ አያወሩም።

እኔ ውሻ እፈራለሁ። ግን ጎረቤት ታሞ እንዴት ዝም ይባላል?

ሥራው ቀላል ነበር። ከሕንጻው ጀርባ፣ ጫካው ዳር፣ ላባ የታሰረበት ጥቅል እወረውራለሁ። ውሻው ያመጣዋል። ልቀቅ ለማለት «ስሊፕ» ስለው ይለቅና አንዲት ቁራጭ የተቀቀለ ጉበት ያገኛል። እሳቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው «አንድ ብቻ! ከለቀቀ በኋላ!» እያሉ ያዛሉ።

አንድ ጉርሻ ያጣላል ሲባል ላደገ ሰው ይህ ንፍገት ነው። ደገምኩለት። አንድ ቀን ጥቅሉን ይዞ ሲያቅማማ ደግሞ የደከመው መስሎኝ ጉበቱን አፍንጫው ሥር ይዤ «በሞቴ! ይቺን ብቻ!» አልኩት። ለቀቀና ጎረሰ። ከዚያ ወዲያ ካልተለመነ የማይበላ የሰርግ እንግዳ ሆኖ አረፈው። «ስሊፕ» ሲባል ፊቱን ያዞራል።

«ምንድን ነው የምትይው?» አሉ ከበረንዳው።

«እየጋበዝኩት ነው።»

«ናይ! የለም! ውሻ አይጋበዝም!»

ተናደድኩ። እሳቸው እኮ ለእኔም ብስኩት ሲያቀርቡ አንድ ካነሳሁ በኋላ ሰሐኑን የሚሰበስቡ ሰው ናቸው።

የፈተናው ዕለት ማዘዝ የሚችለው ባለቤቱ ብቻ ነበር። ውሻው ከሣሩ ውስጥ የሞተችውን ወፍ አንስቶ እየሮጠ መጣና ፊታቸው ቁጭ አለ።

«ስሊፕ።»

ፊቱን አዞረ።

«ስሊፕ!»

ዳኛው እስክሪብቶውን አነሳ። እኔ አፌን በእጄ ያዝኩ። ሽማግሌው እስከ ጆሯቸው ቀሉ። ከዚያ ለሰው ደህና አደርክ ማለት የሚከብዳቸው እኚህ ሰው ምርኩዛቸውን ተደግፈው ጎንበስ አሉና፣ ሕዝብ እየሰማ፣ በተሰበረ አማርኛ «በሞቴ» አሉት። የምራቸውን ነበር፤ እንባዬ መጣ።

ውሻው ወፏን እጃቸው ላይ አኖረላቸው። አለፈ፤ እቤቱም ቀረ።

ማምሻውን ቤታቸው ጠሩኝ። አንድ ብስኩት አነሳሁ። ሰሐኑን ሊሰበስቡ እጃቸውን ዘረጉና ተዉት። ወደ እኔ ገፋ አድርገው «በሞቴ» አሉኝ።

ወግ ነውና፣ እኔም እንደ ውሻው መጀመሪያ ፊቴን አዞርኩ።